ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ አሮጌ ቮልስዋገን ሞተርና ስለ መለኪያዎቹ

(በራዲዮ ከተነገረው)

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ የተነገረው ስለ ሰው ነው። እኔ ግን ዛሬ ይህንኑ ቃል ይዤ አንደበት ስለሌለው ታማሚ፣ ስለ አሮጌ አውቶሞቢል ሞተር ጥቂት ለመናገር አስቤአለሁ። ሰው ቢታመም «ራሴን ፈለጠኝ፤ ወገቤን ቆረጠመኝ» ብሎ ለሐኪሙ ይነግራል። ሞተር ግን ሕመሙ ከጀመረበት ሰዓት አንሥቶ ዝም ብሎ ይሠራል፤ ድምፅ ያሰማ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ አንደበት ሊያበጅለት ይገባል። ይህም አንደበት በመሪው አጠገብ የሚገጠም፣ የዘይቱን ግፊት፣ የዘይቱን ሙቀትና የኤሌክትሪኩን ኀይል በመርፌ የሚያመለክት ትንሽ መለኪያ ነው።

ለምሳሌ የምወስደው ቮልስዋገንን፣ ሁላችንም እንደምንጠራው ቮልስን ነው። ይህች መኪና በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ዛሬም ስትመላለስ ትታያለች፤ ብዙዋም ከአባት ለልጅ የተላለፈች ናት። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ በደመወዙ ለሚተዳደር የመንግሥት ሠራተኛ በእጁ ያለችውን አሮጌ መኪና ጠብቆ መያዝ የትዝታ ነገር ብቻ መሆኑ ቀርቶ የኑሮ ጉዳይ ሆኖአል።

ቮልስዋገን ፌርዲናንድ ፖርሸ በተባለው መሐንዲስ መሪነት የታቀደችው በ1930ዎቹ ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከዚህ በታች በውጭ አገር ስለ ተደረገው ነገር የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ። የመጨረሻዋ ቮልስ በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሲሆን፣ እስከዚያች ዕለት ድረስ የተሠሩት በጠቅላላው 21,529,464 ነበሩ። የሠሪዎቹ ዓላማ ብዙ ሰው ሊገዛት የሚችል፣ ለመያዝም የማታስቸግር መኪና ማቅረብ ነበርና በነጂው ፊት ያስቀመጡት ነገር እጅግ ጥቂት ነው። አንድ የፍጥነት መለኪያ፣ በውስጡም ጥቂት መብራቶች አሉ። ከ1961 አጋማሽ በፊት ለተሠሩት ለአብዛኞቹ የቤንዚን መለኪያ እንኳ አልነበራቸውም። ቤንዚኑ ሲያልቅ ነጂው በእግሩ አጠገብ ያለችውን ማዞሪያ ገልብጦ በተጠባባቂው ቤንዚን እስከሚቀጥለው ማደያ ይደርስ ነበር።

ስለ ሞተሩ ጤና የሚናገሩት መብራቶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ የዘይት፣ ሁለተኛው የዲናሞ። እነዚህ ሁለት መብራቶች ምን እንደሚናገሩና ምን እንደማይናገሩ በሚገባ ያወቀ ሰው የመለኪያን ጥቅም ለመረዳት ሌላ አስተማሪ አያስፈልገውም። እኔ ግን ይህን የተማርሁት በጉዳት ስለ ሆነ እርስዎ ያለ ጉዳት እንዲማሩት ታሪኩን በአጭሩ ልንገርዎ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አጎቴ ደብረ ማርቆስ ላይ ማረፉን ሌሊት በስልክ ሰማን። እናቴ የምትወደው ታላቅ ወንድሟ ነበርና ለቀብሩ ለመድረስ ጎሕ ሳይቀድ ተነሣን። መኪናዪቱ አባቴ በጽሕፈት ቤት አገልግሎት ዘመኑ ገዝቶ ያወረሰን በ1968 የተሠራች 1300 ቮልስ ናት። እናቴ፣ ሁለት አክስቶቼና እኔ ነበርን። ጎሐ ጽዮንን አልፈን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወረድን። መንገዱ ከደጋው አፋፍ እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ነው፤ ከድልድዩ ወዲያ ወደ ደጀን ደግሞ ያንኑ ያህል ዳገት ይጠብቃል። እኔም ለቀብሩ ለመድረስ በመጣደፍ፣ ማርሹን ዝቅ ማድረግ ሞተሩን ማስጨነቅ መስሎኝ፣ በሦስተኛ ማርሽ እየጎተትሁ ወጣሁ። ከዳገቱ እኩሌታ ላይ አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ነበርና ቆምን። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የዘይቱ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። ቤንዚን ስሰጠው ጠፋ። «ከጠፋማ ደኅና ነው» አልሁ። ደጀን ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን ከኋላችን እንደ መዶሻ የሚመታ ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያውም ሞተሩ ቀጥ አለ። ሌላ መኪና ለምነን ደብረ ማርቆስ የደረስነው ሕዝቡ ከቀብር ተመልሶ በድንኳን ከተቀመጠ በኋላ ነው። እናቴ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረችኝም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ አልረሳሁትም።

ሞተሩን የፈታው ሽማግሌ መካኒክ የሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቭ ራሱ ተቆርጦ ፒስቶኑን መብሳቱን፣ ብሮንዚኖቹም መቃጠላቸውን አሳየኝና «ልጄ፣ መብራቱ ሲነግርህ አልሰማኸውም፤ እሱም ቢሆን የነገረህ ዘግይቶ ነው» አለኝ። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ የዚህ የሽማግሌው ቃል ማብራሪያ ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ እንመለስ። የቮልስ ሞተር በመኪናዪቱ ጀርባ የተቀመጠ፣ አራት ሲሊንደሮች ያሉት፣ በውኃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው። ራዲያተር የለውም፤ ስለዚህ የውኃ መፍላትና ከኮፈን ሥር የሚወጣ እንፋሎት ነጂውን አያስጠነቅቀውም። አየሩን የሚነፍሰው ማራገቢያ የተተከለው በዲናሞው ዘንግ ላይ ነው። ዲናሞውን ደግሞ የሚያዞረው አንድ ቺንጊያ ነው። ቺንጊያው ከተበጠሰ ባትሪው መሞላቱ ብቻ ሳይሆን የሞተሩ መቀዝቀዝም በአንድ ጊዜ ይቀራል ማለት ነው። በሌላ መኪና የዲናሞ መብራት ቢበራ «ቤቴ ደርሼ አሳየዋለሁ» ማለት ይቻል ይሆናል። በቮልስ ግን ወዲያውኑ መቆም ግዴታ ነው።

ዘይቱም በዚህ ሞተር ውስጥ ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ማለስለስ ነው፤ ሁለተኛው ሙቀትን ከሞተሩ ውስጥ ተሸክሞ ወደ ዘይት ማቀዝቀዣው ማድረስ ነው። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ስለ ሆነ ለሁለቱ ሥራ ብዙ አይደለም። እስከ 1970 ገደማ በተሠሩት ሞተሮች ላይ ደግሞ ማቀዝቀዣው የቆመው በማራገቢያው ቤት ውስጥ፣ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚደርሰው በዘይቱ ሙቀት አስቀድሞ የሞቀ አየር ነው። የኔዋ ቮልስ በዚህ በኩል የተጎዳችው በአጋጣሚ አልነበረም።

በዚህ ላይ የአገራችንን ከፍታ መጨመር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር የሞተሩን ጕልበት ይቀንሳል፤ ማራገቢያውም በእያንዳንዱ ዙር የሚነፍሰው አየር ሙቀትን የመሸከም ኀይሉ ያንሳል። ወደ ቆላ ሲወርዱ አየሩ ይወፍራል፤ ነገር ግን ይሞቃል። እንግዲህ ደጋው በአንድ በኩል፣ ቆላው በሌላ በኩል ሞተሩን ይፈትኑታል።

የዘይቱ መብራት ይህን ሁሉ ስለ ምን አይናገርም? ምክንያቱ እንዲህ ነው። መብራቱን የሚያበራው በሞተሩ ላይ የታሰረ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ይህ ማብሪያ የሚሠራው የዘይቱ ግፊት ከግማሽ ባር በታች፣ ብዙውን ጊዜ ከ0.15 እስከ 0.45 ባር ባለው መካከል ሲወርድ ብቻ ነው። አንድ ባር ማለት አየር በባሕር ወለል ላይ ከሚያሳርፈው ግፊት ጋር የሚቀራረብ ልክ ነው። ነገር ግን ደኅና የቮልስ ሞተር ዘይቱ 70 ዲግሪ ሞቆ በደቂቃ 2,500 ጊዜ ሲዞር ሊኖረው የሚገባው ግፊት 3 ባር ያህል ነው፤ ከ2 ባር በታች ከወረደ ማለቁን ያመለክታል። እንግዲህ ግፊቱ ከ3 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 1፣ ከ1 ወደ ግማሽ ሲወርድ መብራቱ አንዲት ቃል አይናገርም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ከደረሱ በኋላ ብቻ «ጉድጓድ!» ብሎ ይጮኻል። እኔም «ከጠፋማ ደኅና ነው» ያልሁት ግፊቱ ከሞት አፋፍ በጥቂት ከፍ ባለ ጊዜ ነበር።

የዘይት ግፊት መለኪያ ይህን መንገድ ሁሉ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። መለኪያው ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ኡዤን ቡርዶን የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1849 ባስመዘገበው ፈጠራ የሚሠራ ነው። ዘይቱ ራሱ በቀጭን ቱቦ እስከ መለኪያው ድረስ ይመጣና በውስጡ ወዳለው ጠፍጣፋና ጎባጣ ቱቦ ይገባል። ልጆች በበዓል ቀን የሚነፉት የተጠቀለለ የወረቀት ቱቦ ሲነፋ እንደሚዘረጋ ሁሉ፣ ይህም ቱቦ ግፊት ሲያገኝ ለመቃናት ይሞክራል፤ መርፌዋንም ያዞራል። በቮልስ ላይ ግን ሞተሩ ከኋላ፣ ነጂው ከፊት በመሆናቸው ትኩስ ዘይት የያዘ ረጅም ቱቦ በተሳፋሪዎች እግር ሥር ማሳለፍ ያስፈልጋል። ቱቦው በንቅናቄ ብዛት ቢሰነጠቅ ጉዳቱ ለሞተሩም ለሰውም ነውና ይህ ዓይነት ለቮልስ አይመከርም።

ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ነው። በሞተሩ ላይ በጋራዥ ሴንሰር የሚሉት ትንሽ ዕቃ ይታሰራል፤ እርሱም የግፊቱን መጠን እየተከተለ የኤሌክትሪኩን መንገድ ያጠብባል ወይም ያሰፋል። ከዚያ እስከ መለኪያው የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ገዢው ሊጠነቀቅ የሚገባው ነገር አለ። ሴንሰሩና መለኪያው በአንድ ልክ የተሠሩ መሆን አለባቸው። በጀርመን አገር ልማድ የግፊት ሴንሰር ከ10 እስከ 180 ኦም ሲሆን፣ የአሜሪካው ከ240 እስከ 33 ኦም ወደ ታች የሚቆጥር ነው። ከሶማሌ ተራ አንዱን ከዚህ ሱቅ፣ ሌላውን ከዚያ ሱቅ ገዝቶ ያጋጠመ ሰው መርፌዋ በድፍረት የምትዋሽ መለኪያ ይኖረዋል። ውሸተኛ መለኪያ ደግሞ መለኪያ ከማጣት የከፋ ነው።

ሁለተኛው መለኪያ የዘይት ሙቀት መለኪያ ነው። ለአየር ቀዝቃዛ ሞተር እኔ የማስቀድመው ይህንን ነው። ዘይቱ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ባለው መካከል ቢቆይ ደኅና ነው። ከ110 ሲያልፍ ማሰብ፣ ወደ 120 ሲቃረብ ደግሞ መቆም ያስፈልጋል። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ግፊቱ ይወርዳል። ስለዚህ ሁለቱ መለኪያዎች እንደ ሁለት ምስክሮች ናቸው፤ ሙቀቱ ወጥቶ ግፊቱ ቢወርድ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ። ሙቀቱ ሳይወጣ ግፊቱ ብቻ ቢወርድ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ዘይቱ ጎድሎአል፣ ወይም ብሮንዚኖቹ አልቀዋል፣ ወይም ደግሞ መለኪያው ራሱ ተበላሽቶአል ማለት ነው።

ሦስተኛው የቮልት መለኪያ ነው። በ12 ቮልት መኪና ላይ ሞተሩ ሳይነሣ ጤነኛና የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሮጥ ከ13.5 እስከ 14.5 ድረስ ሊሆን ይገባል። ከ14 አካባቢ በድንገት ወደ 12 ቢወርድ ዲናሞው መሥራቱን አቁሟል፤ ምናልባትም ቺንጊያው ተበጥሶአል፤ ይህ በቮልስ ምን ማለት እንደ ሆነ ከላይ ተናግረናል። አንዳንድ ሰው ከቮልት መለኪያ ይልቅ የአምፔር መለኪያ ይወዳል። በዚያ ግን የባትሪው ኤሌክትሪክ በወፍራም ሽቦ ተጉዞ በመለኪያው ውስጥ ማለፍ ስላለበት ሽቦው ቢላጥ እሳት ያስነሣል። ባለሙያ ላልሆነ ሰው የቮልት መለኪያ ይሻላል።

ዐቅም ያለው ሰው አራተኛ ሊጨምር ይችላል፤ ይኸውም የቴስታታ ሙቀት መለኪያ ነው። በካንዴላው ሥር እንደ ቀለበት የምትገባ ትንሽ ዕቃ አለችው። ከሁለት የተለያዩ ብረቶች የተሠራች ናት፤ እነዚህ ተጋጥመው ሲሞቁ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ይህን ጠባይ ዜቤክ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1821 ደርሶበታል። መለኪያው በራሱ ስለሚሠራ ባትሪ አይፈልግም። ነገር ግን ሽቦው የልኩ አንድ ክፍል ነውና ረዘመብኝ ተብሎ አይቆረጥም። በቮልስ ላይ የት እንደሚገጠም መጠየቅ አያስፈልግም፤ በሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ነው።

አሁን ስለ አገጣጠሙ እናገራለሁ። ሥራውን መካኒክ ቢሠራልዎም እንኳ አጠገቡ ቆመው የሚጠብቁአቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው።

በመጀመሪያ ከኋላ ወንበር ሥር ያለው የባትሪ ሽቦ ይፈታ። ቀጥሎ በሞተሩ ግራ በኩል በዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ የታሰረችው የዘይት መብራት ማብሪያ ትፈታና በቦታዋ ሁለት አፍ ያለው መጋጠሚያ ይታሰር፤ በአንዱ አፍ የቀድሞዋ ማብሪያ፣ በሌላው አዲሱ ሴንሰር ይገባል። መብራቱን ፈጽመው አያስወግዱ። መርፌ ለሚመለከታት ትናገራለች፤ መብራት ግን መንገድ መንገዱን የሚያይ ነጂን ዐይን ይስባል። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ መልካም ነው።

የጥርሱ ነገር ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቮልስ ጥርስ 10 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1 ሚሊ ሜትር ርቀት ያለው ነው። የአሜሪካው የአንድ ስምንተኛ ኢንች ጥርስ ለዐይን እርሱን ይመስላል፤ ሁለት ዙር ያህልም ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ጠነከረ ተብሎ በቁልፍ ቢገፉት ግን የሞተሩ ቀፎ ከማግኒዚየም ድብልቅ የተሠራ ለስላሳ ብረት ስለ ሆነ ይሰነጠቃል። በእጅ የማይገባ ጥርስ በጕልበት አይገባም።

ዘይት እንዳያፈስ ተብሎ በጥርሱ ላይ ነጭ ፕላስተር መጠቅለል የተለመደ ነው። ይህም ስሕተት ሊሆን ይችላል። ሴንሰሩ ኤሌክትሪኩን የሚመልሰው በገዛ አካሉ በኩል ወደ ሞተሩ ብረት፣ መካኒኮች ማሳ ወደሚሉት ነው። ፕላስተሩ ይህን መንገድ ከዘጋ መለኪያው ይስታል። ደግሞም ሴንሰሩ ከባድ ከሆነ በመጋጠሚያው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ አይቅር፤ የኮረኮንች ንዝረት አንገቱን ይቀነጥሰዋል። ዘይት በሚችል ለስላሳ ቱቦ አርቆ ከጠንካራ ቦታ ማሰር ይገባል፤ እንዲህ ሲሆን ግን የራሱ የማሳ ሽቦ ያስፈልገዋል።

የዘይት ሙቀት ሴንሰር በዘይት ማፍሰሻው ታፖ ቦታ ሊገባ ይችላል። እዚያ ግን የሞተሩ ዝቅተኛ ቦታ ነውና ድንጋይ የበዛበት መንገድ ለሚሄድ ሰው ያሰጋል። በዘይት ልክ ማያው ዘንግ ቦታ የሚገባ ሌላ ዓይነት አለ፤ እርሱ ከድንጋይ ይድናል፤ ነገር ግን ዘይቱ ከጎደለ ጫፉ ከዘይት ውጭ ስለሚቀር ቀዝቃዛ መስሎ ያታልላል። ስለዚህ ይህን የመረጠ ሰው በየሳምንቱ ዘይት መለካትን አይርሳ።

ሽቦዎቹ ከሞተሩ ወደ ፊት ሲመጡ ከጭስ ማውጫውና ከማሞቂያው ቱቦ ይራቁ፤ ብረት በሚያልፉበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይግባላቸው። የመለኪያዎቹ ኤሌክትሪክ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከሚሠራው፣ በጀርመኖቹ አሠራር 15 የሚል ቁጥር ካለበት መስመር ይወሰድ፤ በመካከሉም የራሱ ትንሽ ፊውዝ ይኑረው። ሥራው ሲያልቅ ቀላል ፈተና አለ። በዚህ በ10 እስከ 180 ኦም ዓይነት መለኪያ ቁልፉን ከፍተው የግፊቱን ሽቦ ከሴንሰሩ ቢነቅሉት መርፌዋ እስከ መጨረሻው ትወጣለች፤ ሽቦውን ማሳ ቢያስነኩት ወደ ዜሮ ትመለሳለች። ይህን ያወቀ ሰው አንድ ቀን መርፌዋ በድንገት እስከ ጥግ ብትወጣ ሞተሩ በረታ ብሎ አይደሰትም፤ ሽቦው እንደ ተበጠሰ ያውቃል።

የመኪናውን የጥንት መልክ ለሚወዱት ደግሞ አንድ ቃል እነግራለሁ። የአባት መኪና ገበታ በመብሻ ሲበሳ ማየት የሚያሳዝናቸው ሰዎች አሉ፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። ብዙዎቹ መለኪያዎች የፊታቸው ስፋት 52 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ በትንሽ የብረት መያዣ ከገበታው ሥር ሊሰቀሉ ይችላሉ። ሲፈለግ ይፈታሉ፤ በመኪናዪቱም ላይ ጠባሳ አይቀርም።

መለኪያ መግጠም ግን የሥራው እኩሌታ ነው፤ ሁለተኛው እኩሌታ ማንበብ ነው። በመጽሐፍ ከተጻፈው ቁጥር ይልቅ የሚበልጠው የእርስዎ ሞተር የዘወትር ቁጥር ነው። ስለዚህ ትንሽ ደብተር በመኪናው ውስጥ ይኑርዎት። ጧት ሲነሣ ግፊቱ ስንት ነበር? ከሞቀ በኋላ በቀጥታ መንገድ ስንት ሆነ? በዝግታ ሲዞርስ? በዚህ ጊዜ ከግማሽ ባር ማነስ የለበትም። ይህን አንድ ወር ያህል ከመዘገቡ በኋላ የሞተርዎን ጠባይ እንደ ቤተ ሰብዎ ጠባይ ያውቁታል። ጧት ዘይቱ ወፍራም ስለ ሆነ ግፊቱ ከፍ ቢል አያስደንግጥ፤ እስኪሞቅ ድረስ ሞተሩን አለማስጮኽ ብቻ ነው። በዳገት ላይ ሙቀቱ መውጣት ሲጀምር ማርሹን ዝቅ ያድርጉ፤ ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲዞር ማራገቢያውም ፈጥኖ ይዞራል፤ የሚነፍሰው አየርም ይበዛል። እኔ ሞተሩን እንዳላስጨንቅ ብዬ በከፍተኛ ማርሽ መጎተቴ ያጠፋው ይህንን ነበር። ሙቀት በዝቶ ሲያቆሙ ቺንጊያው ደኅና ከሆነና ግፊት ካለ ሞተሩን ወዲያው ከማጥፋት ለአንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ እንዲዞር መተው ያበርደዋል። ግፊቱ ከጠፋ ግን አንድ ደቂቃም አይጠበቅም፤ በዚያው ቅጽበት ማጥፋት ነው።

ሞተሩ ከታደሰ በኋላ ሦስቱን መለኪያዎች አስገጠምሁ። አንድ ቅዳሜ ወደ ቢሾፍቱ ስሄድ መንገዱ ሜዳ፣ አየሩም ነፋሻ ነበር። በደብተሬ መሠረት በዚያ መንገድ የዘይቴ ሙቀት ከ85 ዲግሪ አይበልጥም። ዱከም ስደርስ መርፌዋ 105 ላይ ነበረች። መብራቱ አልበራም፤ ድምፅ አልተሰማም፤ ጕልበትም አልጎደለም። ቁጥሩ ገና ከአደጋው ልክ በታች ስለ ነበር ሌላ ሰው ቢሆን ይቀጥል ነበር። እኔ ግን ቆሜ የኋላውን ኮፈን ከፈትሁ። ጧት ዘይት ለክቼ እጄን የጠረግሁበትና ረስቼ የተውሁት ጨርቅ በማራገቢያው አፍ ላይ ተለጥፎ አየሩን አግዶታል። ጨርቁን ሳወጣው እናቴ ከፊት ወንበር ዞራ «ምን ተገኘ?» አለችኝ። «ምንም አይደል፤ ጨርቅ ነው» አልኋት። በልቤ ግን ያ የዓባይ ዳገት ትዝ አለኝ። አንዲት መርፌ በጊዜው ብትኖረኝና ባነባት ኖሮ፣ ለወንድሟ መቃብር አፈር ሳታለብስ ባልቀረችም ነበር።

ክቡራን አንባብያን፤ መለኪያ ሞተርን አይፈውስም። ያለቀ ብሮንዚን አያድስም፤ የጎደለ ዘይት አይሞላም። ሥራው ጊዜ መስጠት ብቻ ነው። እኛ በጽሕፈት ቤት የምንውል ሰዎች ይህን በሥራችን እናውቀዋለን፤ ጉዳዩ ከተበላሸ በኋላ የሚመጣ ረጅም ሪፖርት ከመዝገብ ቤት መደርደሪያ በቀር የሚጠቅመው የለም፤ በጊዜው የደረሰች አጭር ማስታወሻ ግን ሥራውን ታድናለች። መብራቱ ሪፖርቱ ነው፤ መርፌዋ ማስታወሻዪቱ ናት። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንኑ ነውና፣ አሮጌ መኪና በእጅዎ ያለ እንደ ሆነ ከሚቀጥለው ረጅም መንገድ በፊት ያስቡበት።